የቦክሰኛው ለቅሶ በማን ደጅ ይሁን?

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ገብቶ ፉጨቱ ገና ሰው በሚያስደነግጥበት ዘመን፣ ጓንጉል የሚባል ቦክሰኛ ነበረ። ጓንጉል ማን? እንዳትሉኝ፤ ጣጣው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የተስማማበት የአባት ስም አልነበረውም።

እናቱ አስካለ በባላምባራስ ይርዳው ቤት ገረድ ነበረች። ልጁን የወለደችው ከባላምባራስ ነው። እሳቸውም በድብቅ ክርስትና አስነሱት። ወሬው ሲወጣ ግን ሚስታቸው አኮረፉ፤ አስካለም ዳኛ ፊት አቆመቻቸው። ባላምባራስ ወንጌል ጨብጠው «ልጄ አይደለም» ብለው ማሉ። እንዴት አንጀታቸው ቻለ? እኔ እንጃ። አስካለን ብዙም ሳይቆይ ፈንጣጣ ወሰዳት፤ ልጁም በሰባት ዓመቱ ሜዳ ላይ ቀረ።

ባቡር ጣቢያ ዕቃ የሚሸከም ሽብሩ የሚባል ሰው ነበር። ወልዶ አያውቅም። ልጁን ወሰደና በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን በማር ነክሮ አጠባው፤ የጡት ልጁ አደረገው ማለት ነው። «ከእንግዲህ አባትህ እኔ ነኝ» አለው። ጾሙን እያደረ አበላው።

ጓንጉል ሲጎረምስ ከዚራ በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር ከሚኖሩት ግሪኮች ቡጢ ተማረ። እሑድ እሑድ በገመድ በታጠረ ሜዳ ይገጥማል። ስንቱን ዘረረው! ሽብሩ ከሰው መሐል «የኔ ልጅ! የኔ ልጅ!» እያለ ይዘላል።

ባላምባራስ ደግሞ የሺመቤት የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ጓንጉል ወንድሟ መሆኑን ከገረዶች ሰምታ አባቷን ጠየቀች። «ሁለተኛ ይህን ነገር ከአፍሽ እንዳልሰማ!» አሏት። ዐሥር ዓመት ዝም አለች። አግብታ የራሷን ጎጆ ከወጣች በኋላም እሑድ እሑድ እየመጣች ከሴቶቹ ጋር ቆማ ታየዋለች፣ ትሄዳለች።

የመጨረሻው እሑድ ጓንጉል ሰው እየሰማ ሽብሩን «አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ያዞረኛል። ዛሬ ይቅርብኝ» አለ።

ሽብሩ ሳቀበት። «የኔ ልጅ ፈሪ አይደለም! ይኼ ሁሉ ሰው አንተን ብሎ ነው የመጣው። ግባ!»

ገባ። ተጋጣሚው ከጅቡቲ የመጣ የወደብ ሠራተኛ ነው፤ በሬ የሚያህል። ጓንጉል ገና ከመጀመሪያው ተንገዳገደ፣ አፍንጫው ደማ። የሺመቤት አላስቻላትም። ሮጣ ገመዱን ያዘችና «ተዉት! ወንድሜ ነው! ወንድም ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

ጓንጉል ዞር አለ። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። የተጋጣሚው ጡጫ ጆሮ ግንዱ ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው፤ ወደቀ፣ አልተነሳም። አቦ፣ እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

ሰኞ ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉ። ሽብሩ አያውቅም። የሺመቤት አታውቅም።

«ታዲያ ማን ብዬ ልፍታው?»

ይኼኔ ባላምባራስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሰው መሐል ወጡ። ያ ያኔ ያስማላቸው ዳኛ እዚያው ቆሟል። «ገብረ ኪዳን ነው። ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ልጄ ነው፤ በሐሰት ነው የማልኩት» አሉ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ከዚያች ቀን ወዲህ ባላምባራስን ለሽምግልናም ለምስክርነትም የጠራቸው የለም።

ፍትሐቱ ተደረገ፣ አፈር ለበሰ። ቄሱ «ለቅሶው በማን ቤት ነው?» ሲሉ ባላምባራስ፣ ሽብሩና የሺመቤት ሦስቱም «በኔ!» አሉ።

«ደሜ ነው» አሉ ባላምባራስ። «በስሙ ያስፈታሁት እኔ ነኝ። በቁሙ የነፈግሁትን በሞቱ እንኳ ልስጠው።»

ሽብሩ እያለቀሰ «ሲራብ የት ነበሩ ጌታዬ? እርስዎ ሌላ ልጅ አለዎት። እኔ እሱን ብቻ ነበር ያለኝ፤ ሐዘኑንም ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?» አለ።

«አንዱ ካደው፣ አንዱ አመመኝ እያለው አስገባው» አለች የሺመቤት። «ሊያድነው የሮጠ ከኔ በቀር ማን አለ?»

«ያንቺ ጩኸት አይደል የገደለው!» አላት ሽብሩ።

የሺመቤት መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን ነጨች።

ቄሱ «ለአንድ ሰው ሦስት ድንኳን አይተከልም፤ ተስማሙ» ብለው ሄዱ። አልተስማሙም። ለቀስተኛው ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት በዚያ በድሬዳዋ ፀሐይ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ቀረ።

እኔ የማንም ወገን አይደለሁም። እናንተም «ወላድ ይፍረደው» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ፤ የወለደውም ያልወለደውም እዚያው ቆመዋል። ለቅሶ መድረስ ግን ግድ ነው። በሉ ንገሩኝ፤ እግዜር ያጥናዎት ነው የምትሉት፣ ያጥናህ ነው፣ ወይስ ያጥናሽ?