አባ ጉርምርምና የብርድ ልብሱ ሕክምና

ተረት ተረት ስላችሁ የለመዳችሁትን መልስ ተዉት። የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለው፤ «የቆላ ቤት!» በሉኝ። እንዲያ ነው! በሉ ጆሮ ስጡኝ።

ድሮ ድሮ ነው። ያን ያህል እንኳ ድሮ አይደለም፤ መብራት ከገባ በኋላ፣ ዕቃ ግን ገና ማውራቱን ሳይተው ነው። በረሃ አፋፍ ላይ በምትገኝ አንዲት የቆላ ከተማ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ የሚባሉ ደግ ሴት ይኖሩ ነበር። የከተማዋ ሙቀት ለጉድ ነው፤ በቀትር ዝንብ እንኳ ጥላ ፈልጋ ታርፋለች። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉም ቢመራቸው አየር ማቀዝቀዣ አስገጠሙ።

ማቀዝቀዣ ደግሞ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ እልፍኝ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። ነጭና ለስላሳ ናትና እመት በረዶ አሏት። ባልየው ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ፣ በአራት ብሎን ከብረት ጋር ታሰረ። ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ስለሚውል አባ ጉርምርም አሉት።

እንግዳ ሲመጣ እመት በረዶን ቀና ብሎ ያይና «እሰይ፣ ተባረኪ! ነፍሴን መለስሽልኝ» ይላታል። አባ ጉርምርምን ዞር ብሎ ያየው የለም። እርግቦች ብቻ አናቱ ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ተቀምጠው የሚያደርጉትን እናንተው ታውቁታላችሁ። እመት በረዶም ምስጋና ሲበዛባት ልቧ አበጠና በግድግዳው ቀዳዳ «አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ አለብኝ፤ ዝም በል!» ማለት ጀመረች። አባ ጉርምርም ይከፋው ነበር። ቢከፋውም ሥራውን አይተውም።

በዚያ ዓመት የወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ልጅ አዛለች ወለደችና ልትታረስ እናቷ ቤት ገባች። ሕፃኑም ሙቀቱ ሰውነቱን ሽፍ አድርጎበት ቀንም ሌትም ያለቅሳል። እንቅልፍ የሚወስደው ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። አባ ጉርምርም የሕፃኑን ለቅሶ በቀዳዳው ይሰማል፤ ዝም ሲልም ይሰማል። «እኔ እዚህ ተቃጥዬ እሱ እዚያ ከተኛ፣ ይሁን» ይላል። ደስታው ይቺው ነበረች።

አንድ ቀን ቁራ እየጮኸ መጣ። «አውሎ ነፋስ ከባሕር ተነሥቷል! ባሕሩን ጨርሶ በረሃው ላይ ደርሷል! ዕቃችሁን አስገቡ!»

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ሮጠው ብሬከሩን አወረዱት። ብሬከር ማለት ቆጣሪው ሥር ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ አደጋ ሲሸተው «ጧ!» ብሎ መብራቱን ይቆርጣል። ከዚያ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ይዘው በር ዘጉ። የተሰጣ ልብስ አስገቡ፣ በርበሬውን አስገቡ፣ ዶሮዎቹን አስገቡ። አባ ጉርምርምን ግን አንዲት ሸራ እንኳ ጣል ያደረገለት የለም።

አውሎ ነፋስ እያፏጨ ደረሰ። ቤቱን አንዴ ዞረውና አባ ጉርምርም ፊት ቆመ።

«ውረድ!» አለው።

«አልወርድም!»

«ማን ይዞህ?»

«አራት ብሎን ይዞኛል።»

አውሎ ነፋስ አሸዋ አፈሰና ፊቱ ላይ በተነበት። ሁለት ብሎን ተፈታ።

«አሁንስ ውረድ!»

«አልወርድም!»

«ማን ይዞህ?»

«ሁለት ብሎን ይዞኛል።»

አውሎ ነፋስ ከጎረቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነቀለና ወረወረበት። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረው ስስ ስሱ የጀርባው ቆርቆሮ ተጨራመተ። ሦስተኛው ብሎን ወለቀ።

«እሺ፣ አሁንስ ምን ቀረህ?»

«አንድ ብሎንና አንድ ሕፃን ይዞኛል!» አለ አባ ጉርምርም።

አውሎ ነፋስ ተናደደ። ዝናቡን ከጭቃ ለውሶ ሆዱ እስኪሞላ አጋተው፤ በላዩም ፌስታል ጎሰጎሰበት። አንዷ ብሎን ግን ጥርሷን ነክሳ ያዘች። አውሎ ነፋስም «ለአንድ ብሎን ብዬ ቀኔን አላበላሽም» ብሎ ሄደ። እንደ ተሸናፊ ሁሉ እሱም ሲሄድ አቧራ ማስነሣቱ አልቀረም።

በማግስቱ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ወደ ጓሮ ቢወጡ አባ ጉርምርምን ወደ ጎን ዘምሞ፣ ጭቃ ለብሶ አገኙት። «ኡኡ! ንፋስ መታብኝ!» ብለው ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን ደግሞ እንስሳውም ጎረቤት ነው፤ ምክር ሲሰጥም አይሰስትም።

ፍየል «ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሽለት» አለች። ቅጠሉን ራሷ አመጣች፤ ግማሹን ግን መንገድ ላይ በልታዋለች።

ድመት «ላብ ካላወጣ አይድንም፤ ብርድ ልብስ ደርቡለት» አለች። ብርድ ልብሱ ሲደረብ ቀድማ የተኛችበት እሷው ናት።

አህያ «ዋናው ንፋስ እንዳያገኘው ነው፤ በሸራ ጠቅልላችሁ እሰሩት» አለ።

እናንተዬ! ነፋስን እንጀራው ያደረገውን ምስኪን ከነፋስ ደበቁት! ዳማከሴውን አሹት፣ ብርድ ልብሱን ደረቡት፣ ሸራውን ጠቀለሉት፣ በገመድም ጥፍር አድርገው አሰሩት። አባ ጉርምርም ከውስጥ «ግለጡኝ! ሆዴ ውሃ ነው፣ አድርቁኝ!» እያለ ጮኸ።

«ይሰማችኋል? ትኩሳቱ እያስቃዠው ነው» አለች ፍየል።

እልፍኝ ውስጥ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። አዛለችም «እማዬ፣ ልጄ በሙቀት ሊያልቅብኝ ነው!» አለች። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ሮጠው ብሬከሩን ቀና አደረጉት።

«ጧ!» ብሎ ወረደ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«እማማ፣ ሰውዬው ውስጡ ውሃ ነው። መብራት ከለቀቅኩበት ተቃጥሎ ያርፋል።»

«ዝም በል! ላብ እያወጣ ነው!» ብለው ደግመው ቀና አደረጉት።

«ጧ!»

በሦስተኛው ጊዜ ዱላ ይዘው መጡ፤ ደግፈው ሊያቆሙት ነው። ብሬከሩ ግን «በዱላ ቢደግፉኝም ጧ ነው፣ በገመድ ቢያስሩኝም ጧ ነው!» አለና «ጧ!» አለ። ዱላው አምልጦ እግራቸው ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ መሬት ቁጭ ብለው አለቀሱ። ያለቀሱት ለእግራቸው አልነበረም፤ ልጁ አንጀታቸውን በልቶት ነው።

ይሄኔ በደጅ «ቁራሌው! ያረጀ ብረት፣ የተሰበረ ዕቃ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቁራሌው ገብቶ የተጠቀለለውን አየና «እማማ፣ ይኼማ ያለቀለት ነው። ይስጡኝና አዲስ ሳፋ ልስጥዎት» አለ።

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ አሰቡ። ቅዝቃዜው የሚወጣው ከእመት በረዶ አይደለም እንዴ? «እውነትህን ነው፤ የደጁን ውሰደው። የውስጧ ትበቃናለች» አሉ።

አባ ጉርምርም በብርድ ልብሱ ሥር ሰማ። ቁርጥራጭ መሆኑ አላስፈራውም፤ «ሕፃኑን ማን ሊያስተኛው ነው?» ብሎ አዘነ። እመት በረዶም በቀዳዳው ሰማች። ዝም ብትል ቤቱ የእሷ ብቻ ነው። ግን ሆዷ እንቢ አላት።

«ቆይ! አትንካው!» ብላ ጮኸች። «እማማ፣ ስመሰገን ዝም ያልኩት ዋሽቼ ነው። ቅዝቃዜው የኔ ብቻ አይደለም። እኔ የክፍሉን ሙቀት ለቅሜ አሸክመዋለሁ፤ ደጅ አውጥቶ የሚደፋው እሱ ነው። እሱ ከሄደ እኔ የተሰቀልኩ ባዶ ሣጥን ነኝ። ከወሰዳችሁት እኔንም አብራችሁ ጫኑኝ!»

ቁራሌው ደስ ብሎት «ለሁለታችሁማ ሁለት ሳፋ!» አለ።

«ውጣልኝ!» አሉት ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ፤ ዱላውም ያኔ ሥራ አገኘ። ሰው ልከውም የማቀዝቀዣ ጠጋኙን ኢድሪስን አስጠሩ።

ኢድሪስ መጥቶ ጥቅልሉን ሲያይ ደነገጠ። «እማማ፣ ማን ሞቶ ነው የገነዛችሁት?»

«ኧረ ሟርትህን ተው! ምች መትቶት እያስታመምኩት ነው።»

«እሱን የገደለው ማስታመሙ ነው!» ብሎ ገመዱን ፈታ፣ ሸራውን ገፈፈ፣ ብርድ ልብሱን ከነድመቷ አነሣ። ዳማከሴው ረገፈ፤ ፍየል አልማረችውም። ፌስታሉን ከሆዱ ጎትቶ አወጣ። ጭቃውን በውሃ በቀስታ አጠበለት። የተጨራመተውንም ቆርቆሮ በማበጠሪያ፣ እንደ ልጃገረድ ፀጉር፣ እያበጠረ አቃናው። ሽቦውን አንድ በአንድ አየ፤ ሦስት አዲስ ብሎን ጨምሮ ጥብቅ አድርጎ አሰረው።

«በል አብራው!» አሉ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ።

«አይሆንም፤ መጀመሪያ ይድረቅ።»

ሁለት ቀን ፀሐይና ነፋስ ላይ ተሰጣ። ሁለት ቀን ወይዘሮ ወርቅያንጥፉና አዛለች ሕፃኑን በካርቶን ክዳን እየተፈራረቁ ሲያራግቡ ክንዳቸው ዛለ። በሦስተኛው ቀን ኢድሪስ ሁሉን ዳግም ፈትሾ ብሬከሩን ቀና አደረገው። ሁሉም ጆሮውን አቆመ። የአህያው ከሁሉ በለጠ።

ብሬከሩ ጧ አላለም።

ከጓሮ «ጉርርርም» የሚል ድምፅ ተሰማ። እመት በረዶ ቀዝቃዛ ትንፋሿን ለቀቀች። ሕፃኑ አንዴ አዛጋና እናቱ ክንድ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ደስታው አላስችል ብሏቸው እልል አሉ፤ አዛለች «እማዬ፣ ይነቃብኛል!» ብላ አፋቸውን ያዘች።

«ታዲያ ሸራው ለከንቱ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«የለም እማማ፣ ሸራውም ቀን አለው» አለ ኢድሪስ። «አውሎው ሲመጣ ብሬከሩን ያውርዱና ይሸፍኑት። አውሎው ሲሄድ ይግለጡት። ሳይደርቅና ባለሙያ ሳያየው አያስነሡት። ሲሠራ ደግሞ ይተውት፣ ይተንፍስ።»

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ የቀረውን ዘመናቸውን በዚሁ ምክር ኖሩ። አውሎ ነፋስም ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ሄደ።

ተረቱ ይኼው ነው። ለወዳጅህ ስትሳሳለት ትንፋሽ አታሳጣው። ደግሞም ይህን ያዙልኝ፦ ደጅ የሚያልበው ከሌለ፣ እልፍኝ የሚበርደው አይኖርም።

እኔ ተናግሬ ላበኝ፤ እናንተ ሰምታችሁ ቀዝቀዝ በሉ።