በቃኝ የማይሉ የቤት ልጆች

አንድ ዘበኛ ነበር፤ ይመኑ ይባላል። ጉም የማይለያትን፣ ከአንዲት ምንጭ የምትጠጣን ከተማ በር ይጠብቃል። ጀግና ነው። ባዕድ ከሩቅ ሲመጣ ካየ ጦሩን ያነሣል፤ «የቤት ልጅ ነኝ» ላለው ግን እጅ ነሥቶ ያሳልፋል። ወጉ ነዋ! የቤት ልጅ አይመታም።

ታዲያ በዚያች ከተማ ክፉ ነገር ገባ። ከገዛ ልጆቿ አንዳንዶቹ መብላት ጀመሩና ማቆም ተሳናቸው። ወፈሩ፣ ተባዙ፣ ምንጩን ከበው ያደርቁት ጀመር። ይመኑ ግን በየማለዳው «እንደምን አደራችሁ» እያለ ያሳልፋቸዋል። ቤቱ ሲገባ የትንሿ ሴት ልጁ ከንፈር በውኃ ጥም ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ጦሩን ይወለውላል፤ ጠላቱን ግን አያውቀውም።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ። አንዱ፣ «ሽፍታ የማይከፍተው በር የለም። አንዱን ገርተን የማይጠግቡትን መለያ ምሥጢር እናስይዘው፤ ዘበኛው ቤት ገብቶ ይንገረው» አለ። ፊትም እንዲህ ተደርጎ ብዙ ሰው ድኖ ነበር።

የከተማዋ ጠቢብ እማማ ዘርፌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማድረሱንስ ያደርሳል። እግረ መንገዱን የቤቱን ዕቃ ቢያዛባስ? ደግሞስ ሽፍታ እስኪገራ ምንጩ ይጠብቀናል?»

ከዚያ ይመኑን ጠርተው አስቀመጡት። ምሥጢሩን ከለጋ ቅቤ ጋር ለውሰው አናቱ ላይ አኖሩለት።

«እማማ፣ ይኼ ምን ያደርግልኛል?»

«ዝም በል፣ ልጄ። በግድ የሚገባ ነገር የለም። የራስህ ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ራስህም ትጠጣዋለህ።»

ቅቤው ቀስ እያለ በጆሮው ግንድ ወረደ። ይመኑ እንቅልፍ ወሰደው። በሕልሙ ጉም ውስጥ ሰፊ ገበታ ተዘርግቷል፤ «በሞቴ» እያለ የከተማውን ሰው ሁሉ ያጎርሳል። አንዳንዱ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ሌላው አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ ጎርሶም ይከፍታል። ይመኑ ሲነቃ ነገሩ ገብቶታል።

በማግስቱ በሩ ላይ ገበታ ዘረጋ። «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!» እያለ መጪውን ሁሉ አጎረሰ። በቃኝ ያለውን መርቆ አሳለፈ፤ በቃኝ ባላለው ላይ መንገዱን ዘጋ። ወይ ጉድ! ከማይጠግቡት አንዱ የእናቱ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙ ሆኖ ተገኘ።

«ወንድምህ አይደለሁም እንዴ?» አለው አፉን እንደከፈተ።

«ነህ» አለ ይመኑ። «ልጄ ግን ተጠምታለች።» ጦሩን አነሣ።

ምንጩ ተመለሰ። ልጅቱም ጎንበስ ብላ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ከዚያ ቀና ብላ «በቃኝ፣ አባዬ» አለች። ይመኑ ያን ጊዜ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ካንሰርም ከገዛ ሥጋችን የሚወለድ፣ በቃኝ የማይል የቤት ልጅ ነው። ሐኪሞች የደማችን ዘበኞች፣ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ እንዲለዩት ለማስተማር፣ መልእክቱን በተገራ ቫይረስ ፈንታ በጥቃቅን የስብ ጠብታዎች ጠቅልለው ለመላክ እየደከሙ ነው። ዘበኛው ጉልበት አልጎደለውም፤ የጎደለው መለየት ነበር። ትምህርት ደግሞ በር ሰብሮ ከሚገባ ቀልጦ ቢገባ ይሻላል። እስቲ ወዳጄ፣ በአንተስ ቤት «የቤት ልጅ ነው» እያልክ በየማለዳው እጅ የምትነሣለት፣ በቃኝ የማይል ማን አለ?