ከቃሬዛ የተመለሰችው አንጓች

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። የእኛ አያቶች በአያቶቻቸው ጀርባ ታዝለው በነበሩበት ዘመን ነው። በዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሰንበሌጥ የምትባል መንደር ነበረች። በዚያች መንደር አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ጥጥ ፈትላ ነው የምትተዳደረው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ያላት አንዲት ጎጆ፣ አንድ እንዝርትና አንድ ትልቅ የጠላ ጋን ነበር። ስትመጣ ልብ የሚላት፣ ስትሄድ የት ሄደች የሚል አልነበረም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ዝምተኛ ስለነበረች ነው።

አንድ ክረምት ክፉ ትኩሳት ገባ። ስንቱን ቤት ዘጋ። አንጓችም ታመመች፣ ተኛች፣ ትንፋሿ ጠፋ። ጎረቤቶቿ መጥተው የዶሮ ላባ ከአፍንጫዋ ሥር አኖሩ። ላባው አልተነቃነቀም። አጠቧት፣ ገነዟት፣ የእጇን አውራ ጣቶች ራሷ በፈተለችው ክር አሰሩ። ከዚያ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ጉዞ ጀመሩ።

መንገዱ ላይ አንዲት ዋርካ አለች። አስከሬን ሁልጊዜ እዚያ ያርፋል፤ ፍትሐት ይደረጋል። ቃሬዛውን አወረዱ። የደብሩ ቄስ አባ ሀብተ ወልድ ጸሎቱን ጀመሩ። ይሄኔ ከከፈኑ ውስጥ ሳል ተሰማ።

ተሸካሚዎቹ ሮጡ። ለቀስተኞቹ ሮጡ። አንዱ ጋቢውን ጥሎ ሮጠ፤ ሌላው የዚያን ጋቢ ረግጦ ወደቀ። የቀሩት አባ ሀብተ ወልድ ብቻ ነበሩ። ጎንበስ ብለው የጣቶቿን ክር ፈቱላት።

«አንጓች፣ አለሽ?» አሏት።

«አለሁ አባ። ውሃ ጠማኝ» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአንጓች ደጅ ሰው አጥቶ አያውቅም። ከሩቅም ከቅርብም ይመጣሉ። ምን አየሽ ይሏታል። ገነት እንዴት ናት? ሲኦልስ? እሷ ግን መልሷ አንድ ነበር።

«ሰማሁ እንጂ አላየሁም።»

ምን ሰማሽ ሲሏት እንዲህ ትላለች። «ጨለማ ነበር። ስታጥቡኝ ጎረቤቴ ዘርትሁን ‹ውሃውን ለብ አድርጉት፣ ብርድ አትወድም› ስትል ሰማሁ። ደስ አለኝ። ጋኑን ማን ይውሰድ ብላችሁ ስትጨቃጨቁም ሰማሁ።»

በማግስቱ ጋኑ ደጇ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ማን እንዳመጣው አልጠየቀችም።

ሰው ግን በዚህ አልረካም። መላእክት አየሁ ብትል እግሯን ይስሙ ነበር። እሳት አየሁ ብትል ይንቀጠቀጡላት ነበር። አንጓች ሁለቱንም አላለችም።

አንድ ቀን ያልጋነሽ የምትባል ሴት መጣች። በዚያው ትኩሳት ቢተው የሚባል ልጇ ሞቶባታል፤ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞር ብሏት ከስታለች። አንጓች እግር ሥር ቁጭ አለችና፣

«ልጄን አየሽልኝ?» አለቻት።

አንጓች እንዝርቷን አቆመች። አየሁት፣ ይስቃል ብትል ያቺ ሴት ያን ቀን ትበላ ነበር። ቃሉ እስከ ከንፈሯ መጣ። መልሳ ዋጠችው።

«እህቴ፣ ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ግን ሰው ሲያነጋግረኝ ይሰማኝ ነበር። ልጅሽም ያልሽው ሁሉ ተሰምቶታል።»

ያልጋነሽ ደረቷን መታች። «ምንም አላልኩትም! ትንፋሹ ሲቆም ጥዬው ወደ ሜዳ ሮጥኩ። ሰው ይዞ ሲመልሰኝ ተቀብሯል። አንድ ቃል፣ አንጓች፣ አንድ ቃል አላልኩትም!»

አንጓች ደነገጠች። አጽናናለሁ ብላ ቁስሉን ነካችው። ከዚያ ተነሥታ የሴቲቱን እጅ ያዘችና ወደ ልጁ መቃብር ወሰደቻት። አፈሩ ገና አልጠና፣ ሣር አልበቀለበትም።

«መስማት መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም» አለቻት። «እኔ ሳያልቅብኝ ተመለስኩ። አያልቅም ይሆናል። ንገሪው።»

«ምን ልበለው?»

«ጠዋት ጠዋት ምን ትይው ነበር?»

ያልጋነሽ አፈሩ አጠገብ ተንበረከከች። መናገር ጀመረች። «ተነሥ የኔ ጌታ፣ ጥጃችን ገመዷን በጥሳለች፣ ማን ይመልስልኛል?» አለችው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ ጨመረች። ሮጬ የሄድኩት ጠልቼህ አይደለም አለችው። ጥላው እስኪዞር ተናገረች። አንጓች ራቅ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። የዚያን ዕለት ማታ ያልጋነሽ ጉርሻ ዋጠች።

ደግሞ ሌላ ቀን ባላምባራስ ድንበሩ መጡ። ባለ ብዙ መሬት፣ ባለ ብዙ ከብት ናቸው። ከታላቅ ወንድማቸው ከላቀው ጋር በወሰን ተጣልተው፣ ሁለቱም በአንድ ሸንተረር ላይ እየኖሩ ሳይነጋገሩ አርጅተዋል። በቅሏቸውን ደጅ አሰሩና ዝቅ ብለው ገቡ።

«የምትታለብ ላም እሰጥሻለሁ» አሏት። «ለእኔ ብቻ እውነቱን ንገሪኝ። ፍርድ አለ ወይስ የለም?»

«ጌታዬ፣ ሰማሁ እንጂ አላየሁም።»

«ላሚቱ አነሰችሽ?»

«አላነሰችኝም። እንዲያውም ጎጆዬ ትጠባታለች» አለች። ሰውየው ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። አንጓች ፍርሃታቸውን አየች፤ አሳዘኗት።

«አንድ ነገር ግን ልንገርዎ» አለች። «ተገንዤ ሳለሁ አንዲት ሴት ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ ‹ይቅር በይኝ› አለችኝ። ድሮ ክፉ ቃል ተነጋግረን ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ ልላት ፈለግሁ፤ አፌ እንቢ አለኝ። ምላሴ ድንጋይ ሆነ። ከሞቱ ይልቅ እሱ ከበደኝ። ሌላውን ፍርድ አላውቅም ጌታዬ። ያንን ግን አውቀዋለሁ።»

ባላምባራስ ተነሡ። ወጡ፣ በቅሏቸውን ፈቱ። ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ወደ ወንድማቸው ደጅ ወረዱ። የወንድማቸው ሚስት በቅሏቸውን አይታ በሩን ዘጋች። እሳቸው ከበቅሎ ወረዱና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥተው በማጅራታቸው ተሸክመው ቆሙ። ፀሐይዋ ትፋጃለች። ቆሙ። በመጨረሻ ላቀው በዱላ እየተመራ ወጣ። ዐይኑ በእርጅና ጠፍቶ ነበር። በእጁ ዳብሶ ወንድሙን አገኘ፤ ድንጋዩን አገኘ።

«ይሄን ማን አሸከመህ?» አለ።

«አንጓች።»

ላቀው ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ገደሉ ወረወረው። ሲንከባለል፣ ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሲጠፋ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ቆመው አዳመጡት። ከዚያ ላቀው «ግባ፣ ምሳ ደርሷል» አለ።

ብዙ ዘመን አለፈ። ሁሉም ሰው አንጓችን ጠይቋል። አንድ ጊዜም ያልጠየቋት አባ ሀብተ ወልድ ብቻ ነበሩ። የጣቶቿን ክር የፈቱላት እሳቸው ሆነው ሳሉ፣ ሲያገኟት ጤናዋን ጠይቀው፣ መስቀል አሳልመው ያልፋሉ። ኋላ ግን አረጁ፣ አልጋ ያዙ፣ አስጠሯት።

«ስንቱን ሸኘሁ አንጓች» አሏት። «የተጻፈውን አምናለሁ። አሁንም አምናለሁ። ግን ፈራሁ።»

«ምኑ አስፈራዎት አባ?»

«ብቻዬን መሄዱ።»

አንጓች አይፍሩ አላለችም። «እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «የሰው ድምፅ ስሰማ ነው ብቻዬን አለመሆኔን ያወቅሁት።»

አባ ወደ እሷ ዞሩና፣ «እንግዲያው ትንፋሼ ሲቆም አንቺ አትቁሚ። ተናገሪ» አሏት።

«ምን ልበል?»

«ያለውን ንገሪኝ።»

በማግስቱ ቀትር ላይ አባ ሀብተ ወልድ አረፉ። ሴቶቹ ለለቅሶ አፋቸውን ከፈቱ። አንጓች እጇን አነሣች።

«ቆዩ። ገና እየሰሙ ነው።»

ካህናቱ ሊያጥቧቸው ሲገቡ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ያን ጊዜ ያቺ ዝምተኛ ሴት ተናገረች። «አባ፣ አሁን እግርዎን ሊያጥቡ ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው። ውጭ ፀሐይ ወጥታለች። ገብሱ አሽቷል። የጎረቤትዎ ፍየል አጥር ጥሳ ጎመንዎን ስትበላ አግኝተን አባረናታል» አለች። ከሚያጥቡት አንዱ ካህን ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁን ሳይጨርስ አለቀሰ።

ቃሬዛው ሲነሣ ከጎኑ ሄደች። «አሁን ወንዙን ተሻገርን አባ። አሁን ዋርካዋ ሥር ነን፤ ጥላ ነው፣ ይረፉ። አሁን ደጀ ሰላሙ ደረስን» ትላቸዋለች። መቃብሩ አፍ ላይ ሲደርሱ ቆመች።

«ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቀውም አባ» አለች። «እርስዎ ያውቁታል። በደህና ይግቡ።»

ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ለቅሶው የተነሣው ያኔ ነው።

አንጓችም አርጅታ በጥቅምት አንድ ቀን ተኛችና አልነቃችም። አጠቧት፣ ገነዟት፣ ዋርካዋ ሥር አወረዷት። ፍትሐቱ አለቀ። ቃሬዛውን ግን የሚያነሣ ጠፋ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ምን እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ «አንጓች፣ አለሽ?» አለ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ዋርካዋ ተንሾካሾከች እንጂ ሌላ የመለሰ አልነበረም። ያኔ ሰዉ ተራ በተራ እየቀረበ ያለውን ነገራት። ማን እንደ ወለደች፣ ማን እንደ ታረቀ፣ ማሽላው ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ነገራት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቃሬዛውን አነሡ።

ልጆቼ፣ በሰንበሌጥ እስከ ዛሬ ለሞተ ሰው ወዲያው አይለቀስም። መጀመሪያ ይነገረዋል። ዋርካዋ ሥር ሲደርሱ ቃሬዛውን አውርደው «አለህ?» ይሉታል፤ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከዚያ የአገሩን ወሬ ይነግሩታል። ይህን «የአንጓች ወሬ» ይሉታል። ወሬው የሚያስቅ ከሆነ ይሳቃል።

አንድ ጊዜ ከወዲያ ማዶ የመጣ መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ፣ ሰዉ ተሰብስቦ ሲስቅ አይቶ ሰርግ መስሎት ጮክ ብሎ እልል አለ ይባላል። ኋላ ቃሬዛውን አየና የሚገባበት ጠፋው። ማንም አልተቆጣውም። የሟች ሚስት ወደ ባሏ ጆሮ ጎንበስ ብላ፣

«ሰማህ?» አለችው። «እልል ተባለልህ።»