ጥቂት አፈር ተዉልኝ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ነው፣ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ፀዳለ፣ ሀብታም ባልሁ ቁጥር ፊትሽ እንደሚጠቁር ስለማውቅ ነው። የተራበ ያበላል፣ ጾሙን ይጾማል፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ሱቁን አይከፍትም። ብቻ አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ መስጠት እንጂ መጠየቅ አያውቅም።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «እማሆይ፣ እሑድ እሑድ በነዳያን ማዕድ ላይ ሰሃን ሳጥብ ሦስት ዓመቴ። ወንዶቹ ይቀድሳሉ፣ ያስተምራሉ፣ ስማቸው ይጠራል። የእኔስ አገልግሎት ነው ወይስ ጉልበት ብቻ? ብተወውስ ማን ያውቃል?» ብለሽኛል። ልትተዪው እንደ ቆረጥሽም ከዓይንሽ አይቻለሁ። እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ መጽሐፍ ገልጬ አልመልስልሽም። ያየሁትን ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ።

ሰውየው የነበረበት አጥቢያ እኔ ያደግሁበት ነው። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አፈር ነበር፤ ቀይ፣ ለስላሳ አፈር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ባልቴት በክትክታ መጥረጊያ ትጠርግና ውሃ ትረጨዋለች። አቤት ሽታው! ስንት ዘመን አለፈ፣ ዛሬም የክረምቱ መግቢያ ዝናብ መሬቱን ሲነካው ያ ቅጥር ትዝ ይለኝና ሆዴ ይባባል። እሑድ ማለዳ ጫማ አውልቀን ስንገባ የአፈሩ ቅዝቃዜ ከውስጥ እግር ተነሥቶ እስከ ጉልበት ይሰማ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የቆምሁበት መሬት ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ባልቴቷን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ጠራጊዋ» ነው የምትባለው። ሰኞ ማለዳም ትመጣለች፤ ያኔ ግን ወዲያው አትጠርግም። መጥረጊያዋን በብብቷ ይዛ፣ ዝቅ ብላ መሬት መሬቱን እያየች ቅጥሩን ትዞረዋለች። አንድ ነገር የጠፋት ትመስል ነበር። እኛ ልጆች እንስቅባት ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ሰው፣ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ የሚቆምበት ቦታ አለው። ማንም ሳይመራው እዚያው ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቅዳሴው እስኪያልቅ ሲቆሙ የምርኩዙ ጫፍ እርጥቡን አፈር ይወጋዋል፤ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል። በሴቶች በኩል የሰገዱ ጉልበቶች ሁለት ሁለት ሆነው ይታተማሉ። ከእናቱ ጉልበት አጠገብ የሕፃኑ እግር ይታያል። ባልቴቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን ግን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ከቅጥሩ ጽድ ዛፍ ሥር ያለው ጉድጓድ ከሌለ የጽዱ ሥር ሽማግሌ አልመጣም ማለት ነው። የእናቲቱ ጉልበት ኖሮ ትንሿ እግር ከሌለች ልጁ ታሟል ማለት ነው። ጠርጋ ስትጨርስ ነጠላዋን ትደርብና ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። በር ላይ ቆማ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ትላለች እንጂ ሌላ አትልም። የታመመ ካለ ውሃ ትቀዳለች፣ እሳት ታያይዛለች፣ ከባሰም ቄሱን ትጠራለች። «ይቺ ደግሞ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት» እያሉ የሚያሟትም ነበሩ።

እኔም ቤት መጥታለች። ልጅ ሳለሁ የሳቅሁባት ሴት፣ ኋላ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄ በኩፍኝ ሲተኛብኝ ከሁሉ ቀድማ የደረሰችልኝ እሷ ነበረች። ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልተለየችም። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ሰኞ ያ ሀብታም ሰው ሊሳለም ሲገባ አቧራ ውስጥ ጎንበስ ብላ አያት። አዘነላት፤ ከልቡ ነው ያዘነው።

«እናቴ፣ ከእንግዲህ ወገብሽ አይጎብጥም። ቅጥሩን በሙሉ ድንጋይ አስነጥፈዋለሁ» አላት።

ባልቴቷ መጥረጊያዋን መሬት አስቀመጠች፤ እጅ ነሳችና «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ብቻ ጥቂት አፈር ተዉልኝ» አለችው።

ሰውየው ምን እንደ መሰለው ታውቂያለሽ? እምነት የጠየቀችው መሰለው፤ ያንን ለበሽታ የምንቀባውን፣ የምንታሸውን የቤተ ክርስቲያን አፈር። «አይ የባልቴት ነገር!» ብሎ ሳቀ። ቅጥሩ ሲደለደል አንድ ጆንያ ሙሉ አፈር አስቋጥሮ፣ በአህያ አስጭኖ ቤቷ ድረስ ላከላት። እሷም አመስግና ተቀበለች። ድሃ ምን ይላል?

ድንጋዩ ተነጠፈ። ልዋሽሽ አልችልም፣ ያምር ነበር። ጭቃው ቀረልን፤ እኛም ሴቶቹ እልል ብለን መረቅነው። አለቃው በዓውደ ምሕረት ላይ ስሙን ጠርተው አመሰገኑት። ባልቴቷ ሰኞ ማለዳ መምጣቷን አልተወችም። ዝቅ ብላ ትዞራለች፣ ድንጋይ ላይ ግን የሚቀር ምልክት የለም። በቅዳሴ ሰዓት ማን እንደ መጣ እንዳትለይ ዓይኗ ደክሟል፤ ከሩቅ ሁሉም ነጭ ነጠላ ነው።

በዚያው ክረምት የጽዱ ሥር ሽማግሌ ሳይታይ ሁለት እሑድ አለፈ። ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር፤ ልጆቹ ርቀው ሄደዋል። ሁላችንም እዚያው ቆመን አስቀደስን፤ ቦታው ባዶ መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። በመጨረሻ ጎረቤቱ የጠፋች በግ ሲፈልግ በሩን ገፋ ቢያደርገው፣ ሽማግሌው መደቡ ላይ ሞቶ አገኘው። ከራስጌው ያለችው የውሃ ቅል ደርቃለች። ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ነው የሞተው።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንዱ «እንዴት ሳናውቅ ቀረን? ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ባገራችን አልነበረም» አለ።

«እኔ ወባ የጣለኝ ጊዜ ጠራጊዋ ደርሳልኛለች» አለ ሌላው።

«እኔም ዘንድ መጥታለች» አሉ አንዲት እናት። እኔም ስለ ልጄ ተናገርሁ። ሀብታሙ ሰው ከመካከላችን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ባልቴቷ ቤት ሄደ። እኔም ነገሩ ከንክኖኝ ተከተልሁት።

ጆንያው እንደ ታሰረ በሯ ላይ ቆሟል።

«እናቴ፣ ማን እንደ ታመመ እንዴት ነበር የምታውቂው?» አላት።

ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ትንሿ እግር ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ታዲያ ድንጋይ ላስነጥፍ ነው ስልዎ ለምን አልነገሩኝም?» አላት። «እርስዎ» ሲላት የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ነግሬዎት ነበር ጌታዬ። ጥቂት አፈር ተዉልኝ ብያለሁ።»

«ለምን እንደ ሆነ አላሉኝም!»

«አልጠየቁኝም» አለችው። በቁጣ አይደለም ያለችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስለ ሽማግሌው አለቀሰች።

በማግስቱ ሰውየው ድጅኖ ይዞ መጣ። ሠራተኛ አልጠራም፤ እጀ ጠባቡን ሰብስቦ በገዛ እጁ ድንጋዩን ይፈነቅል ጀመር። አለቃው ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ ለእግዚአብሔር የሰጠኸውን ታፈርሳለህ?» ቢሉት፣ «አባቴ፣ ያን ጊዜ ሳልጠይቅ ነው የሰጠሁ፤ አሁን ጠይቄያለሁ» አላቸው። ከበሩ እስከ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ተወና፣ ሽማግሌዎች የሚቆሙበትንና ሴቶች የሚሰግዱበትን ሁሉ ወደ አፈር መለሰው። መዳፉ እስኪላጥ አራት ቀን ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ እግሩን ሳያመው ምርኩዝ መያዝ ጀመረ። ሰው ሲስቅበት «እኔንስ ቢሆን የቀረሁ ዕለት የሚፈልገኝ አያሻኝም?» ይል ነበር።

ሁለቱም አልፈዋል። ያ ቅጥርም እንደገና ተነጥፏል አሉኝ፤ ድምፅ ማጉያም ገብቶለታል። መልካም ነው፤ እኔ ግን ሄጄ ላየው አልፈልግም።

እንግዲህ ፀዳለ፣ ያቺ ባልቴት አንቺ ነሽ፣ አፈሩም ያ ገንዳ ሙሉ ሰሃን ነው። ቀዳሹ ፊቱን ወደ መንበሩ አድርጎ ይቆማል፤ ሰባኪውም የሚያየው ሕዝቡን በጅምላ ነው። ሰሃኑ ግን አንድ በአንድ የሚመለሰው ወደ አንቺ ነው። ማን ጥርሱ ታሞ ፍርፋሪውን እንደ ተወ፣ ማን ለቤቱ ቋጥሮ ራሱ ጦሙን እንደ ዋለ ከአንቺ በቀር የሚያይ የለም። ጌታ እዚያ ያስቀመጠሽ ሰሃኑ እንዲጠራ ብቻ ይመስልሻል? ወገብሽን እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ ወንዶቹም መጥተው ቢያጥቡ ጸሎቴ ነው፣ ለአለቃውም እነግራቸዋለሁ። ግን «ብተወው ማን ያውቃል?» ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ ማንም አያውቅም። ያ ሽማግሌም የሞተው ማንም ሳያውቅ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ትናንት ሳይነካ የተመለሰ ሰሃን ነበረ?

ነበረ? የማን? የዚያች ከግንቡ ሥር ለብቻዋ የምትቀመጠው፣ ዓይነ ስውሯ እናት? ከዚያ በፊት ባለው እሑድስ? ያም እሷ ሳትመጣ እንዲሁ ተመለሰ? ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብለሽ ደፍተሽ አጠብሽው?

አታልቅሺ። ቤቷን ታውቂዋለሽ አይደል? ተነሺ፤ መቋሚያዬን አቀብይኝና አብረን እንሂድ።