አንዲት ባትሪ ለእማማ ጦይባ ስልክ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ባትሪ ላጫውታችሁ።

በወሎ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ፣ ጦይባ የሚባሉ አዋላጅ ነበሩ። ሰው በየሁለት ዓመቱ ስልክ ሲቀይር እሳቸው አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲቷን ይዘው ኖሩ። ጀርባዋ በጥፍር ይከፈታል፤ ባትሪዋ ሲደክም ባትሪዋን ብቻ ይለውጣሉ። ልጅ ባዋለዱ ቁጥር የመጀመሪያዋን ለቅሶ የሚቀዱት በዚህችው ስልክ ነው።

አንድ ማለዳ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ረውዳ መጣች።

«እማማ ጦይባ፣ ስወለድ እንዴት ነበር ያለቀስኩት? እስኪ ያሰሙኝ።»

ስልኳ ግን አልበራ አለች። ባትሪዋ አብጣለች።

ጦይባ ረውዳን አስከትለው ስልኳን ወደ ጠጋኙ ኑርዬ ወሰዱ፤ እሱም ከፍቶ አያት። «ስልኳስ ደህና ናት። እንደዚህ ያለ ባትሪ ግን ከገበያ ጠፍቷል። በጫማ ሰፊው ሬዲዮ ውስጥ አንድ አለ፤ እሱን ይጠይቁት።»

ጫማ ሰፊው ሬዲዮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ባትሪውን ከሰጠሁ በምን እሰማለሁ? ሶኬቱ ጋ የሚደርስ ማራዘሚያ ያምጡልኝና ይውሰዱት።»

ማራዘሚያው ያለው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። «አምፖሌን የማበራው በሱ ነው» አለች። «የአናጢው ሳንቃ መስኮቴን ጋርዶብኛል። ሳንቃው ይነሳልኝና ይውሰዱት።»

ሳንቃው ካልተነሳ ማራዘሚያው አይገኝም፤ ማራዘሚያው ካልተገኘ ባትሪው አይወጣም፤ ባትሪው ካልወጣ ስልኳ አትበራም፤ ስልኳ ካልበራች የረውዳ ለቅሶ አይሰማም።

አናጢው ራሱን አከከ። «ይሄን ሁሉ ሳንቃ በምን ጀርባዬ? ጋሪ ካልመጣ አይሆንም።»

ጋሪው ካልመጣ ሳንቃው አይነሳም፤ ሳንቃው ካልተነሳ ማራዘሚያው አይገኝም፤ ማራዘሚያው ካልተገኘ ባትሪው አይወጣም፤ ባትሪው ካልወጣ ስልኳ አትበራም፤ ስልኳ ካልበራች የረውዳ ለቅሶ አይሰማም።

ጋሪ ነጂውን ደምሌን ጓሮው ውስጥ ተንበርክኮ አገኙት። ፊት ለፊቱ ባዝራው ተዘርግታ ታቃስታለች።

«ከንጋት ጀምሮ እያማጠች ነው» አለ፤ አንገቷን እያሻሸ። «ጋሪውን የምትጎትት በቅሎ አለችኝ። ይቺን ትቼ ግን የትም አልሄድም።»

ረውዳ በሹክሹክታ ጀመረች፤ «ባዝራዋ ካልወለደች ጋሪው አይመጣም፤ ጋሪው ካልመጣ ሳንቃው አይነሳም፤ ሳንቃው ካልተነሳ ማራዘሚያው…»

«ተይው ልጄ» አሏት ጦይባ፤ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ፈረስ አዋልጄ አላውቅም። ምጥ ግን አውቃለሁ። ውሃና ሳሙና አምጪ።»

እጃቸውን ሰደዱ። የውርንጭላው አንዱ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ቀስ አድርገው አቃኑት፤ ባዝራዋ ስታምጥ ሳቡ፣ ስታርፍ አረፉ። ድንገት ውርንጭላው ተንሸራቶ ወጣ፤ ርጥብ፣ እንፋሎት የሚያወጣ። ወደቀ፤ ተነሳ፤ ወደቀ፤ ቆመ። ደምሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ባዝራዋ ወለደች፣ ጋሪው መጣ፤ ጋሪው መጣ፣ ሳንቃው ተነሳ፤ ሳንቃው ተነሳ፣ ማራዘሚያው ተፈታ፤ ማራዘሚያው ተፈታ፣ ባትሪው ወጣ፤ ባትሪው ወጣ፣ ስልኳ በራች!

ሁሉም ተከታትለው የኑርዬን ሱቅ ሞሉት። ጦይባ ቁልፉን ተጫኑ። መጀመሪያ ጸጥታ፤ ከዚያ አንድ ትንሽ ትንፋሽ ሲሳብ ተሰማ፤ ከዚያ ያቺ ለቅሶ ሱቁን አናወጠችው።

ረውዳ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች።

«ይሄ ሁሉ ከኔ ነው የወጣው?»

«ካንቺ ነው። ያኔ ከክንዴ አትበልጪም ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ግን መምጣትሽን ሰማ።»