ላፕቶፑን የሸፈነው ዳንቴል

በእኛ ሰፈር፣ ሰው ያለውን ለመደበቅ ሲጨነቅ የሚነገር አባባል አለ፤ መነሻው አንድ የሞቀ ዳንቴል ነው። የሺመቤት የዳንቴሉን መሞቅ ልብ ያለችው ግን ከረፈደ በኋላ ነበር።

ልጇ ረድኤት የመመረቂያ ጽሑፏን ሰኞ ማስረከብ ነበረባት። አጎቷ አዲስ ላፕቶፕ እስኪልክላት ለጊዜው እንዲሆናት፣ የሺመቤት አንድ አሮጌ ገዛችላት። ክዳኑ የተፋፋቀ፣ አንዱ ማዕዘኑ በፕላስተር የተያዘ ነው። ሻጩም፣ "እናቴ፣ ዕድሜው ስለገፋ ይሞቃል። የሚተነፍሰው በጎኑ ነው፤ ጎኑን እንዳትዘጉበት" ብሎ አስጠንቅቋት ነበር።

እሷ የሰማችው "ይሞቃል" የሚለውን ብቻ ነው። ይፈነዳል ብላ ፈራች፤ ሌባ ይሰማል ብላ ፈራች። ከሁሉ በላይ የፈራችው ግን በአንድ ግድግዳ የምትጎራበታትን ዘምዘምን ነው። የዘምዘም ልጅ ኢክራም እንደ መስተዋት የሚያበራ ላፕቶፕ በደረቷ አቅፋ ስትገባ ካየች ወዲህ፣ የሺመቤት እህል አልዋጥላት ብሏል። "የእሷ ልጅ ከእኔዋ በምን በልጣ?" እያለች፣ የዘምዘም ቴሌቪዥን ከለበሰው የሚበልጥ ድርብ ዳንቴል ሠራች።

ቅዳሜ ከሰዓት ረድኤት ላፕቶፑን ሶፋው ላይ እንደበራ ትታ፣ "እማዬ፣ መጣሁ፤ እንዳትነኪው፣ ፍላሽ ላይ ያልገለበጥኩት ምዕራፍ አለ" ብላ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

"ቤቶች! የሺ፣ አለሽ?"

ዘምዘም ናት። የሺመቤት ዘላ ዳንቴሉን ከግራ ቀኝ ጠቅልላ አለበሰችው።

"ዘምዘሜ፣ ግቢ እንጂ!"

"ኧረ አልቀመጥም" አለችና ተቀመጠች። "ውይ፣ እጅሽ ይባረክ! ምኑን ነው እንዲህ ያለበስሽው?"

"የረድኤትን ላፕቶፕ ነዋ። አዲስ ስለሆነ አቧራ እንዳይነካው ብዬ።"

"አዲስ ነው እንዴ?" ዘምዘም ቅር አላት።

'ቀናች!' አለች የሺመቤት በልቧ። ደስታው አላስችል ብሏት የአጎትየውን ቸርነት፣ የዕቃውን ውድነት እየደረደረች እንግዳዋን ግማሽ ሰዓት አቆየቻት።

ረድኤት ስትመለስ ዳንቴሉን ገፍፋ ለእናቷ ወረወረችላት። የሺመቤት ስትቀበለው እጇን ለበለባት። ስክሪኑ ጨልሟል። ልጅቷ ማብሪያውን ደጋግማ ብትጫን አልነሳ አለ።

"እማዬ! ምዕራፌ!"

ዘምዘም የተፋፋቀውን ክዳንና ፕላስተሩን ልብ ብላ ዓየች። "እኔ እኮ የመጣሁት አሮጌ ገዝታለች ሲሉ ሰምቼ፣ ከየት እንዳገኘሽ ልጠይቅሽ ነበር" አለች። "የኢክራም ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤቷ ነው፤ ሐሙስ ትመልሰዋለች። ለጊዜው የሚሆናት ቸግሮን ነው።"

የሺመቤት ዳንቴሉን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

ያን ምሽት ረድኤት ኢክራም ዘንድ ሄዳ የጠፋውን ምዕራፍ በዚያ በሚያበራው ላፕቶፕ እንደገና ትጽፍ ጀመር። የሺመቤት የሁለቱን ልጆች ሳቅ በግድግዳው በኩል እየሰማች አሁንም ትቀና ነበር። መቀመጥ ቢያቅታት ወደ ግቢው ወጣች።

የግቢው ባለቤት እትዬ አየለች ወሬውን ሁሉ ሰምተዋል። የውጭውን በር ዘግተው ቁልፉን ሁለቴ አዞሩና፣ ዘወር ብለው እያዩዋት፣ "አይ ልጄ፣ ከጎረቤት ዓይን ያዳኑትን በዳንቴል ገደሉት!" አሉ።