ልፋትሽ አይበቃም
አቶ ድንበሩ የሚባሉ ቱጃር ግቢያቸውን ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በሚያመርቱ ማሽኖች ሞልተውት ነበር። አንድ ቀን የክሪፕቶውን ክፍያዎች የሚያጸድቀው ኔትወርክ አሠራሩን ቀየረና ማሽኖቹ ሁሉ ሥራ ፈቱ።

አቶ ድንበሩም ዓመታት ሙሉ የማሽኖቹን አቧራ ስትጠርግ የኖረችውን የጽዳት ሠራተኛ ጠርተው፣ «በማሽን ልፋት መታመን ቀረ! ኔትወርኩ አሁን የሚያምነው እንደ እኔ የራሱን ክሪፕቶ መያዣ ያስያዘውን ነው፤ ሐሰተኛ ክፍያ ካጸደቀ መያዣው ይወረስበታል። አንቺም ልፋትሽ አይበቃም፤ ነገ ዋስ ካላመጣሽ ግቢዬን እንዳትረግጪ!» አሏት።

በማግስቱ የዕድሯን ሊቀመንበር ይዛ መጣች። ሽማግሌው ዋስ ሆነው ፈርመው ሲያበቁ፣ ወደ አቶ ድንበሩ ዞር ብላ፣

«ጋሼ፣ እኔስ ይኸው ሰው ዋስ ሆነኝ፤ እርስዎ ግን ዋስ የሚሆንዎት ሰው ጠፍቶ ነው ንብረትዎን ያስያዙት?» አለቻቸው።